ያልተወነጨፈ ድንጋይ

የሟቹ እግር ከማሽላው ውስጥ ወደ ቀጭኗ መንገድ ወጥቶ ነበር። አንዱ ጫማው ወልቋል። ኢንስፔክተር ወለላ ግን ጉልበቷን እያሸች ከማማው ሥር ስትደርስ መጀመሪያ ዓይኗ ያረፈው በሟቹ ላይ ሳይሆን፣ በካቴና ታስሮ ጉቶ ላይ በተቀመጠው ገበሬ ላይ ነበር። በዚህ ሥራ ብዙ ዘመን ቆይታለች። ሰው ገድለሃል ተብሎ የተያዘ ሰው ወይ መሬት መሬቱን ያያል ወይ የፖሊሱን ፊት ያያል። ይኸኛው ሰማይ ሰማዩን ነበር የሚያየው።

የሚያየው ወፎቹን ነው። ከዓባይ በረሃ በኩል የመጣ መንጋ ማሽላው ላይ ይሰፍራል፤ ይለቅማል፤ ብድግ ይላል፤ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ደግሞ ይሰፍራል። ወፍ ያልደረሰበት ማሽላ ፍሬው ከብዶት አጎንብሷል። የተበላው ሸክሙ ቀሎለት ቀና ብሎ ቆሟል።

«እታለም» አላት ገበሬው፣ ማንነቷን እንኳ ሳይጠይቅ። «እኔን ወደምትወስዱኝ ውሰዱኝ። ብቻ አንድ ሰው ማማው ላይ ይውጣና ይጩህልኝ። እህሉ እኮ አለቀ።»

ወለላ አንዱን ሚሊሻ ማማው ላይ አወጣችው። ሚሊሻው «እሽ! እሽ!» ማለት ጀመረ። ወፎቹ አንዴ ተነሡ፤ ማን እንደሆነ ሲያዩ ተመልሰው ሰፈሩ።

ከደብረ ማርቆስ አብሯት የመጣው ሳጅን ሚንሃጅ የሰበሰበውን ነገራት። ሟቹ አበባው ይባላል፤ ደብረ ማርቆስ የታሪክ መምህር ነበር፤ በጥንት ዘመን ቾቄ ተራራ ላይ በወንጭፍ እያደነ ስለሚኖር ሰው ልቦለድ እየጻፈ ነበር። ትናንት ከሁለት ወዳጆቹ ጋር ወንጭፍ በዓይኑ ሊያይ ከአምበር ቁልቁል ወዳለችው ወደዚች ወይራምባ ወደምትባል መንደር ወረደ። እዚህም ከባለ ማሳው ከእንዳላማው ጋር ተጣላ። እንዳላማው ሰው እየሰማ «ሁለተኛ እዚህ ማሳ ውስጥ ባይህ በእግርህ አትወጣም» አለው። ዛሬ ጎህ ሲቀድ መምህሩ ሞቶ ተገኘ፤ አጠገቡ ደም የነካው ድቡልቡል ድንጋይ፣ ከድንጋዩ አጠገብ የእንዳላማው ወንጭፍ።

«ያገኘው ማነው?» አለች ወለላ።

«ራሱ እንዳላማው። ሮጦ ሚሊሻ ጠራ፤ ሚሊሻዎቹም እሱኑ አሰሩት።»

«ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል።»

«ኢንስፔክተር፣ ዛቻው አለ፤ ወንጭፉ አለ፤ ድንጋዩ አለ። ሌላ ምን ቀረ?»

«ማየት ቀረ» አለችና ሬሳው አጠገብ ተንበረከከች። ጉልበቷ ቋ አለ። ጡረታዋን ጠይቃ መልሱን እየጠበቀች ነበር። ሰሞኑን እንቅልፍም አኩርፏታል፤ ያም ሆኖ ሬሳ ሲያዩ አለመቸኮልን ድካም አላስጣላትም።

መምህሩ በፊቱ ተደፍቷል። የተመታው ማጅራቱ ላይ ነው፣ አንድ ጊዜ፣ በኃይል። ድንጋዩ እፍኝ የሚሞላ ነው። እንደ ወንዝ ድንጋይ ልሙጥ አይደለም፤ ዙሪያውን ፈንጣጣ እንደወጣበት ፊት ተበሳስቷል። እንዲህ ያለ ድንጋይ የሆነ ቦታ ታውቃለች። የት እንደሆነ ልታስታውስ ሞከረች፤ አእምሮዋም እንደ እሷው ደክሞ እምቢ አላት።

ወንጭፉን አነሣች። ከፍየል ቆዳ የተሠራ ነው፤ ሁለት ረጅም ጠፍር፣ በመሐላቸው ድንጋይ የሚያቅፍ ትንሽ ቆዳ። በዚያ ቆዳ ላይ የደረቀ ጭቃ እንደ ምጣድ ቂጣ ስስ ሆኖ ተጋግሯል። በጣቷ ጫን ብትለው ቅርፍ አለ። ያልተነካው ግን ድፍን ነበር፤ አንድም ስንጥቅ የለውም። ቀጥላ ወደ ላይ አየች። ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ነው። ሰው በእግሩ ከረገጠው በቀር በሬሳው ዙሪያ የተሰበረ አገዳ አልነበረም።

ሄዳ እንዳላማው ጎን ተቀመጠች።

«ትናንት ምን አጣላችሁ?»

«ድንጋይ ነዋ። በኛ አገር እህል ላይ ድንጋይ አይወነጨፍም። ጭቃ እናድቦለቡላለን፤ ይደርቃል፤ በሱ ነው ወፍ የምንጠብቅ። ድንጋይ ከሆነ እህሉ ውስጥ ተደብቆ ይቀራል። አጨዳ ሲመጣ ማጭድ ይሰብራል፤ የሰው እጅ ያስቆርጣል። ደቦ ብለህ የጠራኸው ሰው ደሙ ሲፈስ ምን ትለዋለህ?»

«መምህሩስ?»

«መምህሩ ከወንዝ ትልልቅ ድንጋይ ለቅሞ መጣ። 'የጥንት ሰው በዚህ ነበር የሚያድን' ይለኛል። አንዱን ወንጭፉ ላይ አስቀመጠ፤ ገና ማዞር ሲጀምር ሾልኮ ወድቆ የገዛ እግሩን መታው። አብረውት የመጡት ሽማግሌና ልጂት ሳቁበት። ደግሞ 'የኔ አዳኝ የሚወነጭፍ ጫካ ውስጥ ነው' ብሎ ማሽላው ውስጥ ገባ። ወንጭፉ አገዳ ላይ ተጠመጠመ። እሱም ሳቀ። በመጨረሻ ማማው ላይ ወጣና ጠጠር ወደ እህሉ ይለቅ ጀመር። ያን ጊዜ ነው ክፉ የተናገርሁት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ይቅርታ ጠየቀኝ። ጓደኞቹ ሲሄዱ እሱ ቀርቶ ጠጠሩን አብሮኝ ሲለቅም ቆየ። እናቴ ቤት ጠላ ጠጣ። ዛቻዬን አገር ሰማው፤ እርቃችንን ያየች ግን እናቴ ብቻ ናት።»

«ወንጭፉን የት ነው የምታሳድረው?»

«እዚያው ማማው ላይ። ማን ይወስደዋል?» እንዳላማው ይህን ሲል ዓይኑን ከሰማይ አላነሣም። «እታለም፣ ወንጭፉን ለሚሊሻው ስጡት እሺ? ወፍ የሚፈራ የሱን ጩኸት ነው። ያንን ሚሊሻማ ለምደውታል።»

«ማስረጃ ነው» አለች ወለላ። እንደዚያ ማለቷ አሳፈራት።

የእንዳላማው እናት እማማ ጥሩነሽ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። እንባቸው አልቆ ይሁን ወይ ነገሩን ሳያምኑ ቀርተው፣ ዓይናቸው ደረቅ ነበር።

«ጨዋ ልጅ ነበር» አሉ። «እዚያ ጥግ የተጣለ ወፍጮዬን ሲያይ ሲዳብስ ቆየ። 'እማማ፣ እህል ቤት ውስጥ ሲፈጭ እንዴት ነበር?' ይለኛል። ዛሬ ማን ይፈጫል፣ መኪናው ይፈጭ የለ እንዴ፣ አልሁት። የነገርሁትን ሁሉ ሰማና ደስ አለው። ደጅ ወጥቶ በስልክ ሲነጋገር ሰማሁት። ሲመሻሽ 'ሰው ይጠብቀኛል' ብሎ ወጣ።»

«ማን ነው የሚጠብቀው?»

«አልነገረኝም። ልጄን መቼ ነው የምትለቂልኝ? ያለን እህል ያ ማሽላ ብቻ ነው። እኔ ብጮህ ወፍ አይሰማኝም።»

ወለላ «እየሠራሁ ነው እማማ» ብላ ተነሣች።

*

ከመምህሩ ጋር የወረዱት ሁለቱ አባትና ልጅ ናቸው። አብዱልቃኒ ደብረ ማርቆስ ገበያ አጠገብ ደብተርና መጽሐፍ ይሸጣሉ። ልጃቸው ፈውዚያ ከአበባው ጋር በአንድ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ታስተምራለች። በየቅዳሜው ሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል ተሰብስበው አበባው የጻፈውን ያነብላቸው ነበር። ሦስተኛው አድማጭ አቶ መሳፍንት ነው፤ በከተማው ውስጥ የራሱን ትንሽ ሙዚየም ያቋቋመ ሰው።

ፈውዚያ ዓይኗ አብጧል። አባቷ ግን ሐዘናቸውን በቁጣ ነበር የሚያወጡት።

«ሳልደብቅ ልንገርዎት» አሉ። «ባለፈው ቅዳሜ ከአበባው ጋር ተጨቃጭቀናል። ያ አዳኝ ጥቅጥቅ ያለ ጥድ መሐል ቆሞ፣ እፍኝ የሚሞላ ድንጋይ ሦስት ጊዜ አዙሮ ይለቅና ድኩላ ይጥላል። ምዕራፉ ባለቀ ቁጥር አንድ ድኩላ። አንድ ቀን እንኳ አይስትም። 'ይኸን መጽሐፍ ገዝቶ የሚሄድ ገበሬ ነገ ሱቄ ድረስ መጥቶ ይስቅብኛል' አልሁት።»

«እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው» አለች ፈውዚያ። «በወንጭፍ አውሬ አይገደልም አላልኩም፤ ይገደላል። ግን መዞሪያ ሜዳ ይፈልጋል። ድንጋዩ ለወንጭፉ ልክ መሆን አለበት። ደግሞ አዳኝ ይስታል፤ ብዙ ጊዜ ይስታል። እሱ ግን የአቶ መሳፍንትን ድንጋዮች አምኖ ነው የጻፈው።»

«የምን ድንጋዮች?»

«ቾቄ ሥር ካለ ዋሻ ያገኛቸው ድቡልቡል ድንጋዮች። የጥንት አዳኞች የወንጭፍ ድንጋይ ናቸው ብሎ በራዲዮ ሁሉ ተናግሯል። ተማሪዎች እየሄዱ ያዩለታል። እሑድ አዲሱን አዳራሽ ሊያስመርቅ ነው።»

«ትናንት እሱ ለምን አብሯችሁ አልወረደም?»

«ጠርተነው ነበር። 'ገበሬ ወፍ ሲያባርር አይቼ ምን እማራለሁ?' አለ» አሉ አብዱልቃኒ። «እኛ በጊዜ ተመለስን። አበባውን ትተነው ስንመጣ እንዴት ያለ ደስታ ላይ ነበር መሰለዎት። 'ሁለት ዓመት ሙሉ የማይስት ሰው ስጽፍ ኖርኩ፤ አሁን መሳት አስተምረዋለሁ' አለን።» ፊታቸውን አዞሩ። «ልጁ ቁጣዬን አይቶ ነው የሞተው፤ መውደዴን አልነገርኩትም።»

ወለላ ወደ ቤት እንዴት እንደተመለሱ ጠየቀች። አብረው በሚኒባስ መጡ፤ አብረው ቤት ገቡ። አባት ለልጅ፣ ልጅ ለአባት ምስክር ነው፤ ሳጅን ሚንሃጅ ይህን ሰምቶ ቅንድቡን አነሣ።

*

አቶ መሳፍንት በሙዚየሙ በር ላይ ተቀበላቸው። ሸሚዙ ነጭ፣ ንግግሩ የተቆጠበ፣ ዕድሜው ወደ ሃምሳ የሚጠጋ ሰው ነው። ቀለም የሚቀቡ ሰዎች መሰላል ላይ ናቸው።

«ትናንት ደውሎልኝ ነበር» አለ ሳይጠየቅ። «ስለ ቅዳሜው ንባብ ነው ያወራነው። ያን ድምፅ ዳግመኛ እንደማልሰማው ማን ያውቃል።»

«ከዚያ በኋላ የት ነበሩ?»

«እዚሁ። እንደሚያዩት ሥራ ላይ ነን። ሠራተኞቹ ከሄዱ በኋላ ብቻዬን ስደረድር አመሸሁ።»

«ወይራምባን ያውቋታል?»

«ስሟን ትናንት ነው የሰማሁት። ማሳውንም አላየሁት፣ ገበሬውንም አላውቀው።» ራሱን ነቀነቀ። «ግን ነገሩ ግልጽ አይደለም እንዴ? ከማማው ሆኖም ይሁን ማሽላው ውስጥ አድፍጦ ወንጭፎበታል። ኢንስፔክተር፣ ሰው ወንጭፍን ይንቃል። ይምጡ፣ ላሳይዎት።»

በመስታወት ሣጥን ውስጥ በቀይ ጨርቅ ላይ ድቡልቡል ድንጋዮች ተደርድረዋል። አቶ መሳፍንት ስለ ጥንቱ አዳኝ ማውራት ጀመረ፤ እንዴት በጫካው ውስጥ እንደሚያደባ፣ እንዴት እንደሚያዞር፣ ድንጋዩ እንዴት የራስ ቅል እንደሚሰብር። ሲናገር ፊቱ ያበራል። ይህን ሰው ይህ ሣጥን በሕይወት እንዳቆመው ወለላ አየች። ድንጋዮቹ እፍኝ የሚሞሉ ናቸው። ዙሪያቸውን ተበሳስተዋል።

«ማን ነው እንዲህ የበሳሳቸው?» አለች።

«አዳኞቹ ናቸው፤ ከእጅ እንዳያመልጥ። በድንጋይ ድንጋይ ወቅረው።»

ወለላ ሣጥኑን ትክ ብላ አየችው። ድንገት በአፍንጫዋ የገብስ ዱቄት የሸተታት መሰላት፤ የእናቷ ክንድና ቋ፣ ቋ፣ ቋ የሚል ድምፅ ትዝ አሏት። አመስግና ወጣች።

«ምን አገኙ?» አላት ሳጅኑ መኪናው ውስጥ።

«እርጅናዬን። ነገ ሁሉንም ማሳው ድረስ ታመጣልኛለህ። አቶ መሳፍንትን ደግሞ 'እርስዎ የወንጭፍ አዋቂ ነዎት፣ ዕውቀትዎ ያስፈልገናል' በለው። ይመጣል።»

*

መጣ። በነጭ ሸሚዙ ላይ ካፖርት ደርቦ፣ አንዱን የዋሻ ድንጋይ በጨርቅ ጠቅልሎ ይዞ ነበር የመጣው። መኪኖቹ ከዋናው መንገድ ዳር ቆሙ። ከዚያ በኋላ ያለው የእግር መንገድ ነው፤ ማሽላው በግራም በቀኝም አጥሮታል። ማማው ከትልቅ ዋንዛ ጀርባ ስለሆነ ከመንገዱ አይታይም።

ወለላ ጥቂት ተራመደችና ጉልበቷን ያዘች። «አቶ መሳፍንት፣ እባክዎ ይቅደሙ። ሌሎቹም ይከተሉዎት። እኔ ቀስ ብዬ እደርሳለሁ።»

እሱ ቀደመ። አብዱልቃኒ ተከተሉት፤ ከኋላቸው ፈውዚያ፣ ከዚያ ሚንሃጅ ከታሰረው እንዳላማውና ከእማማ ጥሩነሽ ጋር። መንገዱ አንድ ቦታ ላይ ሦስት ይሆናል፤ ሰፊው ወደ ወንዝ ይወርዳል፣ ሌላው ወደ አውድማ ይሄዳል፣ ሦስተኛዋ ቀጭን ናት፣ አገዳ ገፋ አድርገው ነው የሚገቡባት። አቶ መሳፍንት አገዳውን በክንዱ ገፋ አደረገና ገባ። ሁሉም ተከተሉት። ወለላ መጨረሻ ሆና፣ እያነከሰች፣ ከማማው ሥር ደረሰች።

«እንቀመጥ» አለች፤ እሷም ጉቶው ላይ ቀድማ ተቀመጠች። የሟቹ ደም የነካው ድንጋይ፣ የደሙ ናሙና ከተወሰደ በኋላ ታጥቦ፣ እግሯ ሥር ባለ ጨርቅ ላይ ነበር፤ ወንጭፉም እንደዚሁ። ወፎቹ በላያቸው ይንጫጫሉ።

«ነገሩን ረጅም አላደርገውም፤ ደክሞኛል። ይህ ሰው በወንጭፍ ነው የሞተው ተብሎ እንዳላማው ታስሯል። ስለዚህ መጀመሪያ ወንጭፉን እንየው። ፈውዚያ፣ ይኸን ድንጋይ አስቀምጪና አዙሪው።»

ፈውዚያ ድንጋዩን ማቀፊያው ላይ አስቀመጠች። ገና እጇን ስታነሣ ድንጋዩ ሾልኮ ወደቀ። ደግማ ሞከረች፤ ደግሞ ወደቀ።

«ይህ የወፍ ወንጭፍ ነው፤ ለጭቃ ድቡልቡል ነው የተለካው። ማቀፊያው ላይ የደረቀ ጭቃ ነበር፤ ያየሁት ቀን አንድም ስንጥቅ አልነበረውም። ይህን የሚያህል ድንጋይ ቢያልፍበት ያ ጭቃ ይራገፍ ነበር። እሺ፣ ድንጋዩ በተአምር ተቀመጠ እንበል። ማሽላው ውስጥ ሆኖ የሚያዞርበት ቦታ የለም፤ አገዳው ይይዘዋል። ከማማው ላይ ከለቀቀው ደግሞ ድንጋዩ ማሽላ ሰብሮ መውረድ ነበረበት። የተሰበረ አልነበረም። ስለዚህ ማንም ምንም አልወነጨፈም። መምህሩ የተመታው በእጅ በተያዘ ድንጋይ፣ ከኋላው በቆመ ሰው ነው። ወንጭፉ በኋላ ነው ከማማው ላይ የወረደው።»

«እንዳላማው ራሱ ሊሆን ይችላል» አለ አቶ መሳፍንት።

«ገድሎ፣ የገዛ ወንጭፉን ሬሳው ጎን አኑሮ፣ ሚሊሻ ጠርቶ? ራሱን ለማሰር እንዲህ የሚደክም ሰው አላየሁም። ይልቅ ይህን ውሸት የፈጠረው ማን ሊሆን እንደሚችል እንጠይቅ። ወንጭፍ እንዲህ ይሠራል ብሎ የሚያምን ሰው ነው፤ እፍኝ የሚሞላ ድንጋይ፣ ጥቅጥቅ ያለ ዱር ውስጥ፣ አንድ ውርወራ፣ አንድ ሬሳ። ይህ የት አለ? አበባው በየቅዳሜው በሚያነበው ልቦለድ ውስጥ አለ። ጋሼ አብዱልቃኒ፣ እርስዎ ያምኑት ነበር?»

«እኔማ ስስቅበት ነው የኖርኩ። ደግሞ ያን ዕለት እዚሁ ቆሜ ድንጋዩ እግሩ ላይ ሲወድቅበት አይቻለሁ።»

«ፈውዚያም አይታለች፣ እንዳላማውም አይቷል። እዚህ የነበረ ሰው ሁሉ አይቷል። ያን ዕለት ሁሉም ያየውን ያላየ ከወዳጆቹ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ 'ገበሬ ወፍ ሲያባርር አይቼ ምን እማራለሁ' ብሎ የቀረው።»

አቶ መሳፍንት ፈገግ ሊል ሞከረ። «አለማየቴ ወንጀል ሆነ ማለት ነው? እዚህ እንዳልነበርኩ እርስዎው ራስዎ እየመሰከሩልኝ ነው።»

«ቀን አልነበሩም። ማታ ግን ነበሩ።» ወለላ ወደ ቀጭኗ መንገድ በአገጯ አመለከተች። «ማሳውን አይቼው አላውቅም ብለውኛል። አሁን ስንመጣ ግን መንገዱ ሦስት ሆኖ ተለያየ። ማማው አይታይም። ማንንም አልጠየቁም፣ ዘወርም አላሉም። ወንዝና አውድማ ትተው፣ አገዳ ገፍተው ሬሳው የወደቀበት ድረስ ይዘውን መጡ። ጉልበቴ በእርግጥ ያመኛል፤ ግን እርስዎን ያስቀደምኩት ለሱ ብዬ አይደለም።»

አብዱልቃኒ ከመሳፍንት አጠገብ ተነሥተው ሌላ ቦታ ተቀመጡ። 

«ለምን?» አለች ፈውዚያ፤ ድምፅዋ ቀጠነ።

ወለላ ደም የነካውን ድንጋይ አንሥታ ለእማማ ጥሩነሽ ሰጠቻቸው። «እማማ፣ ይቺን ያውቋታል?»

አሮጊቷ አገላብጠው ሳያዩ አውራ ጣታቸው ራሱ ቦታውን አገኘ። «የኔ ናት እንጂ። የወፍጮ መውቀሪያዬ ናት። ወፍጮ ሲልም አይፈጭም፤ በዚች እየቀጠቀጥን እናሻክረዋለን። ስትወቅር ስትወቅር ራሷም ትድቦለቦላለች። ለመምህሩ አውሼው ነበር፤ 'ለአንድ ወዳጄ አሳይቼ ነገ እመልሳለሁ' ብሎኝ።»

«እናቴም ነበራት» አለች ወለላ። «ዛሬ ሁሉም ወደ ወፍጮ ቤት ስለሚሄድ የማያውቃት በዛ። አቶ መሳፍንት፣ የያዙትን ይፍቱና ከዚህ ጋር ያስተያዩት።»

አልፈታውም። ጨርቁን ደረቱ ላይ ይዞ ቆየ።

«ዋሻው ውስጥ ድሮ ሰው ኖሮበታል» አለ በመጨረሻ፣ ለማንም ሳይሆን። «በክፉ ቀን የሸሹ ሰዎች ይሆናሉ፤ ወፍጯቸውን ይዘው። የተሰበረ ወፍጮ አይቻለሁ። አይቼ ዝም አልሁ። ለራሴም አልነገርኩት።» ዓይኑን አነሣ። «ልጆች ሣጥኑን እየነኩ 'የአባቶቻችን ነው' ይሉ ነበር። አበባው ና ብሎኝ መጣሁ። ከዋናው መንገድ ተቀብሎ ማማው ሥር ድረስ አመጣኝ፤ የገበሬው ወንጭፍ ማማው ላይ እንደሚያድርም ነገረኝ። ድንጋዩን እጄ ላይ አስቀመጠው። 'ላም ባልዋለበት ኩበት ስንለቅም ኖረናል' ብሎ ሳቀ። ከእሑድ በፊት ልንገርህ ብዬ ነው፣ ለሌላ ሰው አልተናገርኩም፣ እኔ መጽሐፌን አርማለሁ፣ አንተ የሣጥኑን ጽሑፍ ትቀይረዋለህ አለኝ። ከዚያ ፊቱን አዙሮ ሄደ። እኔ የሰማሁት ሳቁን ብቻ ነው።»

«በጓደኝነት ነው የጠራህ» አሉ አብዱልቃኒ። «እንዳታፍር ብሎ ነው።»

«አሁን ገብቶኛል።»

«እሺ፣ ተናደዱና መቱት» አለች ወለላ። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ ገባ። «እሱን ፍርድ ቤት ይመዝነዋል። ማማው ላይ ወጥተው ይህን ወንጭፍ ሲያወርዱ ግን ንዴት አልነበረም። የማያውቁትን ሰው ከነቤቱ ነው የጣሉበት። ያ ነው እኔን ያደከመኝ።»

 ሚንሃጅ የእንዳላማውን ካቴና ፈታና መሳፍንት እጅ ላይ አደረገው። የዋሻው ድንጋይ ከነጨርቁ መሬት ላይ ቀረ።

እማማ ጥሩነሽ መውቀሪያቸውን ይዘው እንደ ቆሙ ነበሩ። «ይቺንስ ልውሰዳት?»

«እሷ ከኛ ጋር ትቆያለች እማማ። ፍርድ ቤት ትቀርባለች።»

«እናቴ ናት የሰጠችኝ» አሉ አሮጊቷ፣ ሳይከራከሩ፤ መለሱላት።

እንዳላማው የታሰረበትን አንጓ እያሸ ወንጭፉን ተመለከተ። ሚንሃጅ «ማስረጃ ነው» ሊል አፉን ከፈተ። ወለላ ቀደመችው።

«ምን ያስረዳል? ሰው አልገደለም። ሥራውን ይሥራ፤ ወረቀቱ በኔ።»

እንዳላማው ወንጭፉን ተቀበለና ማማው ላይ ወጣ። ከጥጉ አንድ የጭቃ ድቡልቡል አንሥቶ አስቀመጠ፤ አዞረ፤ ለቀቀ። የጠፍሩ ጫፍ ጮኸ። ጭቃው ወፎቹን ሳይነካ አልፎ ሄደ።

«ሳተ» አለች ፈውዚያ፣ እንባዋን እየጠረገች።

«ለመምታት መች ሆነና» አላት እንዳላማው ከላይ። «እንዲሄዱልኝ ነው።»

ሄዱለት። መንጋው በሙሉ ተነሥቶ ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል ወረደ፤ ማሳው ፀጥ አለ። ወለላ ጉቶው ላይ እንደ ተቀመጠች፣ እንዳላማው ደግሞ ማማው ላይ እንደ ቆመ፣ ሁለቱም ማሽላውን አዩት። ቀና ብሎ የቆመው ካጎነበሰው ይበልጥ ነበር።